የመዝናኛ መርከብ ጉርሻ፦ ስንት ይቆረጣል፣ ለማን ይሰጣል፣ የቱ ጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል

የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ሲገዙ ማስታወቂያው ላይ የሚያዩት ዋጋ የክፍሉና የምግቡ ነው። ክፍሉን ለሚያጸዳውና ምግቡን ለሚያቀርበው ሰው የሚከፈለው ጉርሻ ለብቻው ይመጣል። አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ተጓዥ፣ በእያንዳንዱ ሌሊት የተወሰነ ገንዘብ በመርከቡ ላይ በተከፈተለት ሂሳብ ይመዘግባሉ። ማንም ቀርቦ አይጠይቅም፤ ደረሰኝም አያስፈርምም። ሁለት ሰዎች በመደበኛ ክፍል ለአንድ ሳምንት ሲጓዙ ይህ ብቻውን ከ220 እስከ 280 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ እንደ ጉዞው ዋጋ ቆጥሮ ቀድሞ ማስላት ነው የሚያዋጣው። ያ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ ትንሽ ነው፦ ከዚያ በላይ ለማን፣ መቼ፣ ስንት።

የቀኑ ጉርሻ እንዴት ይሰላል

በመደበኛ ክፍል የሚያርፍ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይከፍላል፤ ስዊት በሚባለው ሰፊና ውድ ክፍል ውስጥ ያለ ደግሞ ከ18 እስከ 25። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ያወጣው ተመን ለመደበኛ ክፍል 18.50፣ ለስዊት 21 ዶላር ነበር። ተመኑ በየጊዜው ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ ሲል አይታይም፤ በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት የኩባንያውን የወቅቱን ቁጥር ያረጋግጡ። በሂሳቡ ላይ የሚጻፍበት ስም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፦ አንዱ ጉርሻ ይለዋል፣ ሌላው ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሌላው የሆቴል አገልግሎት ክፍያ፣ ሌላው ለሠራተኞች ምስጋና። ሁሉም ያው አንድ ነገር ስለሆነ፣ አንዱን ከፍለው ሌላውን ለብቻ መጨመር አይጠበቅብዎትም።

የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። የ7 ሌሊት ጉዞ በቀን መቁጠሪያ 8 ቀን ቢነካም የሚከፈለው ለ7 ነው። በ18.50 ሂሳብ ለአንድ ሰው 129.50፣ ለሁለት ሰው 259፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 518 ዶላር ይሆናል።

ቤተሰቦች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሰው በቅናሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይጓዛል የሚል ማስታወቂያ አለ። ቅናሹ ግን የጉዞ ዋጋውን እንጂ ጉርሻውን አይመለከትም። በነጻ የሚጓዘው ልጅ እንደ አዋቂ ሙሉ ጉርሻ ሊቆረጥበት ይችላል። ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነጻ የሚያደርጉ ኩባንያዎች አሉ፤ ለልጅ ግማሽ የሚያስከፍሉም አሉ፤ ዕድሜ ሳይለዩ ሁሉንም የሚያስከፍሉም አሉ። በተቃራኒው ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለክፍሉ የሁለት ሰው ዋጋ ቢከፍልም፣ ጉርሻ የሚቆጠርበት እንደ አንድ ሰው ነው።

ገንዘቡ የት ይሄዳል

የቀኑ ጉርሻ የሚገባው በጋራ ቋት ነው። ከዚያ የክፍል አስተናጋጁ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ያሉት አስተናጋጅና ረዳቱ፣ አለቃቸው፣ እንዲሁም እንግዳው በዓይኑ የማያያቸው የልብስ ማጠቢያ፣ የቡፌና የወጥ ቤት ሠራተኞች እንደየኩባንያው ደንብ ይከፋፈሉታል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ተጓዡ በጉዞው ሙሉ ቋሚ ጠረጴዛና ቋሚ አስተናጋጅ ስለነበረው፣ በመጨረሻው ምሽት ጥሬ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ለእያንዳንዱ በእጁ ይሰጥ ነበር። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. በ2000 እንግዳው በፈለገው ሰዓት በፈለገው ምግብ ቤት እንዲበላ የሚፈቅድ አሠራር ሲጀምር፣ የዕለቱ አስተናጋጅ ነገ ሌላ ሰው መሆኑ አይቀርም። ፖስታው ለማን ይሰጥ? በራሱ የሚቆረጠው ጉርሻ የተስፋፋው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ሮያል ካሪቢያን እንኳ በራሱ የሚቆረጠውን አሠራር ሙሉ በሙሉ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መታወቅ አለበት። መርከቦቹ በብዛት የባሃማስን፣ የፓናማን፣ የቤርሙዳን ወይም የማልታን ባንዲራ የሚያውለበልቡ ስለሆኑ፣ የሚነሱበት ወደብ አገር ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ በሠራተኞቹ ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. የ2006 የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የሥራ ሰዓት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ወይም ዕረፍቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል፤ እነዚህ ሰዎች ለወራት በተከታታይ፣ ያለ ሙሉ የዕረፍት ቀን የሚሠሩት በዚያ ወሰን ውስጥ ነው። የመስተንግዶ ሠራተኛው ገቢ ደግሞ ትልቁ ክፍል ከዚህ ቋት የሚመጣ ነው። ኩባንያው ደመወዙን ራሱ ቢከፍልና ዋጋውን ቲኬቱ ላይ ቢጽፈው በቀለለ ነበር፤ እስካሁን ግን የብዙዎቹ አሠራር ይህ ነው።

ጣጣውን ጨርሰው የተዉም አሉ። ሪጀንት ሰቨን ሲስ፣ ሲልቨርሲና ሲቦርን ጉርሻን በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ያካትታሉ። የብሪታንያው ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የቀን ክፍያውን አንስቷል፤ ሌላው የብሪታንያ ኩባንያ ማሬላም አያስከፍልም። ከእነዚህ ጋር ሲጓዙ ተጨማሪ የሚጠበቅ ነገር የለም። ዋጋ ሲያወዳድሩም ይህን ልዩነት ያስሉት፤ በማስታወቂያ ርካሽ የሚመስለው መርከብ ጉርሻውና የመጠጡ መቶኛ ሲደመርበት ከሌላው እኩል ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በመቶኛ የሚጨመረው

ሁለተኛው ዓይነት ጉርሻ ከሚገዙት ነገር ጋር ይመጣል። መጠጥ፣ ልዩ ቡና፣ ወይን በጠርሙስ፣ ክፍያ ያለባቸው ምግብ ቤቶች፣ ማሳጅና የውበት አገልግሎት ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ በራሱ ይጨመራል። በሱቅ ዕቃ፣ በፎቶግራፍና ከመርከቡ በሚገዛ የጉብኝት ትኬት ላይ ግን አይጨመርም።

ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው በመጠጥ ፓኬጅ፣ ማለትም በቀን ቁርጥ ዋጋ ከፍሎ መጠጥ በሚታዘዝበት አሠራር ነው። በቀን 70 ዶላር የሚል ፓኬጅ ላይ 18 በመቶ ሲጨመር 82.60 ይሆናል። ለ7 ቀን የጉርሻው ክፍል ብቻ 88.20 ነው፤ ለሁለት ሰው 176.40። የቀኑን ጉርሻ 259 ስንደምርበት 435.40 ዶላር ደረስን፤ ገና አንድ ማሳጅ አልወሰድንም። አንዳንድ ኩባንያዎች «የመጠጥ ፓኬጅ በነጻ» ብለው ሲያቀርቡ ጉርሻው በፓኬጁ ሙሉ ዋጋ ላይ ተሰልቶ ይከፈላል። ብዙ የማይጠጣ ሰው በዚህ «ነጻ» ስጦታ ከሚጠጣው በላይ ሊከፍል ስለሚችል፣ ከመቀበልዎ በፊት ቁጥሩን ያስጽፉ።

ሁለት ጊዜ መክፈል የሚመጣው ደረሰኙ ላይ ነው። 18 በመቶው ከተደመረ በኋላ ከታች «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ባዶ መስመር፣ ከእሱ በታች ደግሞ «ጠቅላላ» የሚል ይኖራል። ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው እንደ ማንኛውም ምግብ ቤት መስሎት 3 ወይም 4 ዶላር ይጨምራል። አይጠበቅብዎትም። ባዶውን መስመር በእስክሪብቶ ይሰርዙ፣ ጠቅላላውን ራስዎ ይጻፉ፣ ከዚያ ይፈርሙ። ፓኬጅ ያለው ሰው ዋጋው ዜሮ በሆነ ደረሰኝ ላይም ይህ መስመር ሊቀርብለት ይችላል፤ የፓኬጁ ጉርሻ ሲገዛ ተከፍሏል። በደንብ ላስተናገደዎት ባርቴንደር መጨመር ከፈለጉ ጥሬ ገንዘብ በእጅ መስጠት ይሻላል፤ ለመጠጥ አንድ ዶላር፣ ወይም አንዱን ባር ሁሌ የሚጠቀሙ ከሆነ በመጀመሪያው ምሽት 20 ዶላር። ፊትዎን ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ቀድሞ መክፈል ወይስ በመርከቡ ላይ

ሁለቱም ይቻላል። ቀድሞ ከከፈሉ ተመኑ ከዚያ በኋላ ቢጨምርም ብዙውን ጊዜ አይነካዎትም፤ ጉዞው ከመነሳቱ በፊት ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል። ወጪያቸው ከመነሻው እንዲታወቅላቸው ለሚፈልጉ፣ በተለይም ለቤተሰብ፣ ይህ ይሻላል።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ቀድመው አይክፈሉ፦ የጉዞ ወኪሉ ወይም ኩባንያው የመርከብ ክሬዲት፣ ማለትም መርከቡ ላይ የሚወጣ የስጦታ ገንዘብ በሂሳብዎ ከሰጠዎት። ክሬዲቱ በጉዞው ማብቂያ ካልዋለ የማይመለስ ዓይነት ከሆነ፣ በብዙ ኩባንያዎች የቀኑን ጉርሻ ሊከፍል ይችላል። ጉርሻውን አስቀድመው ከኪስዎ ከፍለው ክሬዲቱን ለማጥፋት በመጨረሻው ቀን የማይፈልጉትን ሸሚዝ መግዛት አያስፈልግም።

ቀድመው የከፈሉ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ጠዋት በኩባንያው መተግበሪያ ወይም በክፍሉ ቴሌቪዥን ሂሳብዎን ይክፈቱ። የቀን ጉርሻ የሚል መስመር መታየት የለበትም። ከታየ የክፍያ ማረጋገጫውን ይዘው ወደ እንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ይሂዱ። ወኪል «ጉርሻ ከፍዬልሃለሁ» ሲል ደረሰኙ ላይ በስም መጻፉን ማየት ያስፈልጋል፤ ቃል ብቻ ጠረጴዛው ላይ አያገለግልም። ሌላው የሚያስደነግጠው ነገር ከጉዞው በፊት ወደ ስዊት ያደጉ ሰዎች የሚገጥማቸው ነው፦ በመደበኛ ተመን ከፍለው ነበር፣ አሁን የስዊቱ ልዩነት ተጨምሮ ይመጣል። ስህተት አይደለም።

በእጅ የሚሰጠው

ከቋቱ ውጭ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ካወቁ ቀሪው ቀላል ነው።

በወደቡ ላይ ሻንጣ የሚቀበሉት ሰዎች የመርከቡ ሠራተኞች አይደሉም፤ የቀኑ ጉርሻ አይደርሳቸውም። በአሜሪካ ወደቦች ለአንድ ሻንጣ 2 ወይም 3 ዶላር የተለመደ ነው፤ የሚሰጠውም እዚያው ከመኪና ሲወርዱ ስለሆነ ገንዘቡ ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ኪስዎ ውስጥ ይሁን።

በየወደቡ የሚወስዱት ጉብኝት አስጎብኚና ሹፌርም እንዲሁ። የግማሽ ቀን ጉብኝት ከሆነ ለአስጎብኚው በሰው ከ2 እስከ 5 ዶላር፣ የሙሉ ቀን ከሆነ ከ5 እስከ 10፤ ለሹፌሩ የዚያ ግማሽ ያህል። ይህ ግን እንደ አገሩ ነው። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ ልማድ ስላልሆነ ገንዘብ ማስጨበጥ ሰውየውን ያሳፍረዋል፤ ጎንበስ ብሎ ማመስገን በቂ ነው።

ምግብ ክፍልዎ ድረስ ለሚያመጣ ሰው ከ2 እስከ 5 ዶላር ይሰጣል፤ ለአንድ ቡና ዝቅተኛው፣ ለሙሉ ቁርስ በትሪ ከፍተኛው። የማድረሻ ክፍያ ደረሰኙ ላይ ከጉርሻ ጋር ከተጻፈ መጨመር ግዴታ አይደለም። በስዊት ክፍሎች ያለው በትለር (የግል አስተናጋጅ) እና ኮንሲየርዥ (ቦታ ማስያዝና የመሳሰለውን ጉዳይ የሚፈጽም ሠራተኛ) በአንዳንድ ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ በኖርዌጂያን፣ ከቋቱ ድርሻ ስለሌላቸው በመጨረሻው ምሽት የሚሰጣቸው በእጅ ነው። በብዙ ኩባንያዎች የልጆች ማቆያ ሠራተኞችም ከቋቱ ውጭ ናቸው፤ አንዳንዱ ገንዘብ እንዲቀበሉ አይፈቅድም፤ ልጁ የጻፈው የምስጋና ካርድ ግን የትም ያስደስታል።

ለካፒቴን፣ ለመኮንኖች፣ ለመርከቡ የመዝናኛ ኃላፊና ለሙዚቀኞች ጉርሻ አይሰጥም። ሊሰጧቸው ቢሞክሩ ነገሩ ያሳፍራል እንጂ አያስከብርም።

ለክፍል አስተናጋጅ መጨመር የሚፈልግ ሰው ለአንድ ሳምንት ለክፍሉ ከ20 እስከ 50 ዶላር ይሰጣል። በቋቱ ውስጥ ድርሻ ስላለው ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ትራስ፣ ብዙ በረዶ፣ የሕፃን አልጋና በየቀኑ የሚበተን መጫወቻ ያለበት ቤተሰብ ግን ቢጨምር ተገቢ ነው። ግማሹን በመጀመሪያው ቀን ከጥያቄዎ ጋር አብረው ቢሰጡት ይጠቅማል። ቀሪውን በመጨረሻው ምሽት ራት ሰዓት አካባቢ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን አይሆንም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሚቀጥሉት እንግዶች ክፍሎቹን ሁሉ ስለሚያዘጋጅ ላያገኙት ይችላሉ። ፖስታ ከእንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ይገኛል። ስሙን፣ የእርስዎን ስምና የክፍል ቁጥር ይጻፉበት።

ለአንድ ሳምንት ከአገርዎ ይዘው የሚወጡት ዝርዝር ገንዘብ ወደ 30 ባለ አንድ ዶላር፣ ስምንት ወይም አሥር ባለ አምስት፣ ጥቂት ባለ ሃያ ቢሆን ያብቃቃል። የመርከቡ ገንዘብ ያዥ በወደብ ጠዋቶች ዝርዝር ያልቅበታል። የሚሰጡት ገንዘብ መርከቡ የሚገበያይበት ይሁን፤ በሜዲትራኒያን ከሆነ ዩሮ፣ ከብሪታንያ ከሆነ ፓውንድ ሊሆን ይችላል። የሌላ አገር ሳንቲም አይስጡ፤ ሠራተኛው የሚመነዝርበት ቦታ የለውም።

ጉርሻውን ማስቀነስ

በብዙ ኩባንያዎች የቀኑን ጉርሻ ማስቀነስ ወይም ማስነሳት ይቻላል። ሲደረግ ግን ከልብ ታስቦበት መሆን አለበት። ከቋቱ የሚቀነሰው የበደለዎትን ሰው ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ሰሐኑን ያጠበውም፣ አንሶላውን የተኮሰውም ይቀነስበታል። «ገንዘቡን አስነስቼ ለሚገባው ሰው በእጄ እሰጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ደግሞ በአንዳንድ ኩባንያዎች አይሠራም፦ እንግዳው ጉርሻውን ካስነሳ፣ ሠራተኛው በእጁ የተቀበለውን ወደ ቋቱ እንዲመልስ ደንቡ ያስገድደዋል።

አየር ማቀዝቀዣ ከተበላሸ፣ ወደብ ከተዘለለ፣ ክፍሉ ከሥር ሞተር የሚጮህበት ከሆነ ጉዳዩ የኩባንያው እንጂ የአስተናጋጆቹ አይደለም። ካሳ ይጠይቁ፣ ክሬዲት ይጠይቁ፣ ክፍል ይቀየርልኝ ይበሉ፤ ጉርሻውን አይንኩ።

አገልግሎቱ በእርግጥ መጥፎ ከሆነ፣ ለምሳሌ ክፍሉ ለሁለት ቀን ሳይጸዳ ከቀረ፣ በዚያኑ ቀን ለክፍሎች ኃላፊ ይናገሩ። ለምግብ ከሆነ ለአስተናጋጆች አለቃ። ቀኑንና የተናገሩትን ሰው ስም ይያዙ። አብዛኛው ችግር በማግስቱ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ከመጨረሻው ቀን ቀደም ብሎ ባለው ቀን ወደ እንግዶች አገልግሎት ይሂዱና «ለእነዚህ ሁለት ቀናት ይቀነስልኝ» ብለው በቁጥር ይጠይቁ። ሙሉ በሙሉ አንሱልኝ ከሚል ጥያቄ ይልቅ ይህ በቀላሉ ይፈጸማል፤ ሚዛናዊም ነው። ቅጽ ሊያስሞሉዎት ይችላሉ። ከመርከቡ ከወረዱ በኋላ በኢሜይል መጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ «አይቻልም» ነው።

የመጨረሻው ምሽት

በመጨረሻው ጠዋት የእንግዶች አገልግሎት ጠረጴዛ ፊት ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሂሳቡም ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ካርድዎ ተልኮ ይሆናል። ስለዚህ ከመጨረሻው ራት በፊት ሂሳብዎን በሙሉ ይክፈቱና እነዚህን ይዩ፦ የሌሊቱ ብዛት ልክ ነው? የሰው ብዛት ልክ ነው? ሕፃኑ ተቆጥሯል? ተመኑ የእርስዎ ክፍል ነው ወይስ የስዊት? ቀድመው የከፈሉት እንደገና ተጽፏል? በባር ደረሰኞች ላይ ሳይጽፉት የገባ «ተጨማሪ ጉርሻ» አለ?

በዴቢት ካርድ የተመዘገቡ ከሆነ ኩባንያው በየጊዜው ገንዘብ እንደ መያዣ ይይዛል፤ የተያዘው ከጉዞው በኋላ ለቀናት ላይለቀቅ ይችላል። በካርዱ ላይ ለሌላ ጉዳይ የሚያስፈልግዎት ገንዘብ ካለ በክሬዲት ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ማስያዣ መመዝገብ ይሻላል።

ትልልቅ ሻንጣዎች ምሽቱን ከበር ውጭ ይቀመጡና ይሰበሰባሉ፤ ለወደቡ ተሸካሚ የሚሆነውን ዝርዝር ገንዘብና ያልሰጧቸውን ፖስታዎች ከዚያ በፊት ወደ እጅ ቦርሳዎ ይውሰዱ።

ከጉዞው በኋላ በኢሜይል የሚመጣ መጠይቅ አለ። በደንብ ያገለገለዎትን ሰው ስም ከደረቱ ባጅ ላይ እንዳለው፣ ከሥራ ክፍሉ ጋር ይጻፉበት። ብዙ ኩባንያዎች እነዚህን ስሞች ለሽልማትና ለዕድገት ይቆጥሯቸዋል፤ «አስተናጋጁ ጥሩ ነበር» የሚል ብቻ ግን ለማንም አይመዘገብም።